መቸኮልም ሥርዓት አለው

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። በመኪና ሥራ ግን ሳይቸኩሉ የማይታወቅ ነገር አለ፤ ይኸውም ዕድሜ ነው። ሃያ ዓመት እንዲያገለግል የታሰበውን ዕቃ ሃያ ዓመት ጠብቆ ለገበያ የሚያቀርብ ስለሌለ፣ መሐንዲሶች ሸክሙን አክብደው፣ ሙቀቱን ጨምረው ወይም ሥራውን ያለ ዕረፍት ደጋግመው በአጭር ጊዜ ያስረጁታል። ከዚያም የዘወትር ዕድሜውን በስሌት ይገምታሉ።

ለምሳሌ ኩሽኔታን እንመልከት። በባለ ኳሱ ኩሽኔታ ላይ ሸክሙ እጥፍ ቢሆን ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ በከባድ ሸክም የተገኘው ውጤት ለቀላሉም ይመሰክራል።

ደኅናውን ዕቃ ሆን ብሎ መስበር ብክነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን መንገደኛ ተሳፍሮበት ከሚሰበር በፈተና ቤት ቢሰበር ይሻላል እላለሁ። ይሁን እንጂ ፈተናው ሁለት ነገሮች ካልተጠበቁለት ምስክርነቱን አልቀበልም።

አንደኛ፣ ፈተናው የዕቃውን ጠባይ መለወጥ የለበትም። ኮሜት የተባለው የእንግሊዝ ጄት አይሮፕላን የአካሉ ክፍል በግፊት ተደጋግሞ ሲፈተን ከ16,000 ጊዜ በላይ ችሎ ነበር። ነገር ግን በ1954 እ.ኤ.አ. ሁለት ኮሜቶች በኢጣልያ አጠገብ በባሕር ላይ ተሰባብረው 56 ሰዎች ሞቱ። አንደኛው ወደ 1,290፣ ሁለተኛው ወደ 900 በረራ ብቻ አድርገው ነበር። ለካስ ያ የተፈተነው ክፍል አስቀድሞ ከሥራው እጅግ የበለጠ ግፊት ተጭኖበት ስለ ነበር፣ በመስኮቶቹ ማእዘን ያለው ብረት ተለጥጦ ድካምን መቋቋም ለምዶ ኖሯል። በኋላ በፋርንቦሮ ሲያገለግል የቆየ ኮሜት በውሃ ገንዳ ገብቶ ግፊቱ ቢደጋገምበት፣ የቀድሞ በረራው ተቈጥሮ በ3,000 ገደማ ተሰነጠቀ።

ሁለተኛ፣ የአንድ ዕቃ ጥንካሬ ለሁሉ ዋስ አይሆንም። ለኩሽኔታ የሚጻፈው የተለመደ ዕድሜ ከ100ው 90ው ይደርሱበታል ማለት ነው፤ አሥሩ ቀድመው ሊበላሹ ይችላሉ። የአባቶቻችንን አውቶቡስ የተሸከመው ከዘጠናው ይሁን ከአሥሩ ወረቀቱ አይነግረንም። ስለዚህ ቁጥሩን አምኖ ምርመራን መተው አይገባም።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ነገ መሐንዲስ ወይም ገዢ ሆናችሁ «ይህ ዕቃ ይህን ያህል ዓመት ይኖራል» ስትባሉ፣ ስንቱ ተፈተነ? በምን ያህል ሸክም? የተሰበረውስ በሥራ ላይ እንደሚሰበረው ነውን? ብላችሁ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።