ግንዱ የተቦረቦረው ዛፍ ይቆይ

ሾላ ሲበስል በሐዋሳና በባሕር ዳር ሐይቅ ዳርቻ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው አንድ ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ ማግኘቱ አይቀርም። ወፉ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ሲበር ክንፉ ከሩቅ ያፏጫል፤ ካረፈ በኋላ ደግሞ ጩኸቱ አህያ የሚያናፋ ያስመስላል።

በሜዳ እየተራመደ የሚለቅመው እርኩም ዘመዱ ነው፤ የዚህ ወፍ ኑሮ ግን ዛፍ ላይ ነው። ጥቁሩ ላባ በፀሐይ ወደ አረንጓዴ ያብረቀርቃል፣ ጉንጩ ላይ ያለው ደግሞ ጫፍ ጫፉ ብርማ ነው። ወንዱ ምንቃሩ ላይ ትልቅ ነጣ ያለ ቀንድ ተሸክሟል፤ የሴቷ አነስ ይላል። ሾላውን በምንቃሩ ጫፍ ቀንጥሶ ወደ ላይ ይወረውርና በጉሮሮው ይቀልበዋል፤ ምላሱ አጭር ስለሆነ ፍሬውን ወደ ውስጥ መሳብ አይችልም።

እጅግ የሚያስደንቀው የጎጆው ነገር ነው። ሴቷ በአሮጌ ዛፍ ግንድ ውስጥ ካለ ቀዳዳ ትገባለች። ወንዱ አፈር ውጦ፣ በጉሮሮው አድቦልቡሎ እየተፋ ያቀብላታል፤ እሷም ከውስጥ ሆና በሩን ትለስነዋለች። የሚቀረው ምንቃር ብቻ የሚያሾልክ ስንጥቅ ነው። ከዚያ ወዲያ የእሷም የጫጩቱም ጉሮሮ በወንዱ ላይ ይወድቃል። በታንዛኒያ አማኒ ይህን የተከታተሉት ሬጂናልድ ሞሮና ባለቤቱ ዊኒፍሬድ በ1941 እ.ኤ.አ. ጥናታቸውን አሳትመዋል። በእነሱ ግምት አንድ ወንድ በ120 ቀን ገደማ 1,600 ጊዜ ተመላልሶ 24,000 ያህል ፍሬ አምጥቷል።

ይህ ሁሉ ትጋት ግን ቀዳዳ ከሌለ ከንቱ ነው። ወፉ ራሱ ግንድ መፈልፈል አይችልም፤ ዕድሜ የቦረቦረው ትልቅ ዛፍ ያስፈልገዋል። አገሪቱ በየክረምቱ እጅግ ብዙ ችግኝ ትተክላለች፣ ይህም ደግ ሥራ ነው። ሆኖም የዛሬ ችግኝ ለዚህ ወፍ ቤት የሚሆነው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ባሕር ዛፍማ ለምሰሶና ለማገዶ ይበጃል እንጂ ሾላ የሚሰጠውን አይሰጥም። ውስጡ ባዶ የሆነው ዛፍ ደግሞ ለጣውላ ስለማይሆን አንዳንዴ ለመጥረቢያ ቀዳሚው እሱ ነው።

በሰሜኑ ክፍል እንዲህ ያሉ ዛፎች በአብዛኛው የተረፉት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናትና ከምእመናን ጋር ሆነው በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናቱ ደኖች በድንጋይ አጥር እንዲከበቡ ማድረጋቸው ከብት እንዳይገባ ረድቷል። እንዲህ ያለው ደን ወፉን ይጠቅማል፤ ወፉም ደኑን ይጠቅማል። ወፉ ትልልቁን ዘር ይተፋል፣ ትንንሹን በኩሱ ይጥላል፤ ከእናት ዛፉ ርቆ ከሚበቅለው እንዲህ የተዘራ አለ።

እንግዲህ ወረዳዎች የችግኝ ቦታ ሲለዩ ግንዳቸው የተቦረቦረ ዛፎችንም አብረው ይመዝግቡ፤ የመንገድና የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥም መዝገቡ ይታይ። ወንዱ ፍሬ ሲያመላልስ የታየበትን ዛፍ ቢያንስ ጫጩቱ እስኪወጣ ድረስ ማንም እንዳይነካው መከልከል ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የአካባቢውን ገበሬ ጠይቆ ግንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል።