በቦሌ ሰማይ ላይ የምታልፈው ሃያ ደቂቃ

ከአሰላ ተነሥቶ በአዳማና በሞጆ በኩል አዲስ አበባ የሚገባው ነጋዴ ዕቃ ለመግዛት ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጓንግዡ ሄዶ ሲመለስ፣ አገሩን በመስኮት እያየ ሳያርፍ ሲዞር እጅግ ያበሳጨዋል። «ደርሰን ሳለ ስለ ምን አያወርዱንም?» የሚለው ቃል በመንገደኞች ዘንድ የተለመደ ሆኗል። አበባና ሥጋ የሚልከውም ወገን እንዲሁ፣ ጭነቱን የሚወስደው አይሮፕላን ዘግይቶ ሲያርፍ የሚረግመው አብራሪውን ነው። ነገሩ በጥሞና ሲመረመር ግን ይህ ወቀሳ ያለ ቦታው የተወረወረ ሆኖ ይገኛል፤ ሊጠየቅበት የሚገባው ሌላ ጉዳይም በዚሁ ምክንያት ሳይጠየቅ ይቀራል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ፣ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ተራ የሚጠብቅ አይሮፕላን አልነበረም። ጄቶቹ በ1955 ዓ.ም. ከገቡ ወዲህ ግን የቦሌ ሥራ ከዓመት ወደ ዓመት ሰፍቶ፣ ዛሬ ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከአሜሪካ የሚመጡት በማለዳ፣ ከአፍሪካ ከተሞች የሚመለሱት ደግሞ በምሽት በአንድ ሰዓት ላይ ተያይዘው ይደርሳሉ። መንገደኛው ከአንዱ ወርዶ በሌላው እንዲሳፈር የታቀደ ስለ ሆነ እንዲህ መሆኑ ግድ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው ማስፋፊያ የመንገደኞችን አዳራሽ በዓመት 22 ሚሊዮን ሰው እንዲያስተናግድ አድርጎታል። አዳራሹ ሲሰፋ ግን ማኮብኮቢያው አልተጨመረም።

ጭነት መኪና በበጋ በጠጠር መንገድ ሲያልፍ ከኋላው የሚነሣውን አቧራ የማያውቅ የአርሲ ሰው የለም። ከኋላ የሚከተለው ሾፌር አቧራው እስኪበርድ ራቅ ብሎ ይነዳል። አይሮፕላንም ከክንፎቹ ጫፍ የሚነሣ፣ በዓይን የማይታይ የአየር አዙሪት ከኋላው ይተዋል። ከባድና ዝግተኛ በሆነ መጠን አዙሪቱ ይበረታል፤ ይህም ማለት በጣም የሚበረታው ልክ ለማረፍ በሚቃረብበት ጊዜ ነው። ነፋስ ሲኖር ቶሎ ይበተናል፤ አየሩ ጸጥ ባለበት ማለዳ ግን ይቆያል። በ1993 እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር በካሊፎርኒያ በሳንታ አና ከተማ አንዲት ትንሽ ጄት ከአንድ ቦይንግ 757 ኋላ በ2 ማይል ያህል ርቀት ለማረፍ ስትቃረብ በዚህ አዙሪት ተገልብጣ ወድቃለች፤ በውስጧ የነበሩት 5 ሰዎች በሙሉ ሞተዋል።

ስለዚህ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የርቀት ልክ ወስኗል። ከባድ አይሮፕላን ከባዱን ሲከተል 4 የባሕር ማይል፣ መካከለኛው ከባዱን ሲከተል 5፣ ቀላሉ ከባዱን ሲከተል 6 ማይል ይተዋል። አንዱ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። በቦሌ ቦይንግ 777ም፣ ኤርባስ ኤ350ም፣ ከባሌ ሮቤ ወይም ከጅማ የሚመጣው ባለ ፕሮፔለር ዳሽ 8ም በአንድ ሰልፍ ይገባሉ፤ ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል።

ሒሳብ ለነጋዴ አይከብደውምና ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። ዳሽ 8 በሰዓት 120 የባሕር ማይል ያህል እየበረረ ወደ ማረፊያው ሲቀርብ፣ የመጨረሻዎቹን 10 ማይል ለመጨረስ 5 ደቂቃ ይፈጅበታል። ከኋላው በ145 የሚመጣው ከባድ አይሮፕላን በነዚያው 5 ደቂቃዎች 12 ማይል ይጓዛል። ሁለቱ በ3 ማይል ተራርቀው ቢጀምሩ በመጨረሻው የሚቀራቸው 1 ማይል ብቻ ነው። የበረራ ተቆጣጣሪው ይህን አስቀድሞ አስቦ ከሩቅ «ፍጥነትህን ቀንስ» ይላል፤ አብራሪውም ይታዘዛል። ነገር ግን መቀነሱ ወሰን አለው። ክንፉ መሸከም ከሚያቆምበት ፍጥነት በሩብ ያህል ብልጫ ሳይኖረው ማንም አብራሪ ወደ መሬት አይቀርብም። መጨመሩም እንዲሁ ወሰን አለው፤ ከመሬት 300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱና አወራረዱ ካልተስተካከለ ማረፉን ትቶ እንደገና መውጣት አለበት። በጥድፊያ ሁለት ደቂቃ አተርፋለሁ ያለ በዚህ ምክንያት ሩብ ሰዓት ይከስራል፤ የነዳጁ ወጪም ከዚህ ላይ ይታከላል። በለንደን ሂትሮው ሁሉም አይሮፕላን እስከ 4 ማይል ድረስ 160 እንዲጠብቅ የሚታዘዘው ሰልፉ እንዳይሰበር ነው።

በቦሌ ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም አለ፤ ይኸውም ከፍታው ነው። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። የበቆጂ ሯጮችን ሳንባ ያጠነከረው ስስ አየር ለአይሮፕላን ክንፍ ግን ድጋፍ ያንሰዋል። በአብራሪው መሣሪያ ላይ 140 የሚነበበው ፍጥነት በእውነቱ ወደ 160 ይጠጋል፤ መሬት ነክቶ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀትም በባሕር ዳርቻ ካለ ማረፊያ በሩብ ያህል ይረዝማል። አይሮፕላኑ ረዝሞ ሲሮጥ ማኮብኮቢያውን ለቆ የሚወጣበት ጊዜም ይዘገያል፤ ከኋላ ያለውም ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የሚችለውን አብራሪ «ዝግተኛ» ብሎ መስደብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አለማወቅ ነው።

«ቦሌ ሁለት ማኮብኮቢያ የለውምን? ሁለት ሁለት ሆነው ለምን አያርፉም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሁለቱ ማኮብኮቢያዎች 3,700 እና 3,800 ሜትር ርዝመት አላቸው፤ ነገር ግን የተዘረጉት ተቀራርበው ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት በመካከላቸው ከ760 ሜትር ያነሰ ስፋት ያላቸው ማኮብኮቢያዎች በአዙሪቱ ረገድ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ አይሮፕላኖች በመሣሪያ እየተመሩ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቁ ጎን ለጎን እንዲያርፉ ደግሞ ቢያንስ 1,035 ሜትር ያስፈልጋል። አንዱ ለመነሣት፣ ሌላው ለማረፍ ሲያገለግሉ ጥቅማቸው ትልቅ መሆኑ አይካድም። ሆኖም የሚያርፈውን ሰልፍ በእጥፍ አያሳድጉትም።

እንግዲህ ነጋዴው የሚጠይቀው ምንድን ነው? አብራሪው እንዲፈጥን መጠየቅ የራስንና የሌላውን ነፍስ በሃያ ደቂቃ መለወጥ ነው። የሚጠየቀው የሰዓቱ ድልድል ነው። የጭነት አይሮፕላን ተሸጋጋሪ መንገደኛ አይጠብቀውም፤ ስለዚህ በተቻለ መጠን ከማለዳውና ከምሽቱ መጨናነቅ ወጥቶ ማረፍና መነሣት ይገባዋል። ለዚህ ግን የነጋዴው ወገን ራሱ መሰናዳት አለበት። አበባው ከዝዋይ፣ ሥጋው ከሞጆ በመጨረሻው ሰዓት እየተጋፋ ከመጣ፣ ጉምሩኩና ቀዝቃዛው መጋዘን በዚያው ሰዓት ካልተዘጋጁ፣ የበረራው ሰዓት መቀየሩ ብቻውን ፋይዳ የለውም። ሌላው ሁሉ ሲዘገይ ዝም ብሎ አይሮፕላኑ ሲዘገይ ብቻ መጮህ ለክርክር አይመችም። ንግድ ምክር ቤቱ ይህን ጉዳይ ከላኪዎች ጋር ተነጋግሮ በጽሑፍ ቢያቀርብ፣ በየመጠበቂያ አዳራሹ ከሚሰማው ማጉረምረም ይልቅ ተሰሚነት ያገኛል።

ሌላው ጉዳይ የአርሲን ሰው በቀጥታ ይነካል። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቢሾፍቱ አጠገብ በአቡሴራ ለሚሠራው አዲስ አይሮፕላን ማረፊያ የንድፍ ውል በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ተፈርሟል። በእቅዱ አራት ማኮብኮቢያዎች አሉ፤ ቦታውም ከቦሌ በአራት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ስለ ሆነ የስስ አየሩ ሸክም ይቀላል። ከአሰላ ለሚመጣም ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በፊት የምትገኝ ናት። የጭነት መግቢያው በየትኛው ወገን እንደሚከፈት፣ ቀዝቃዛው መጋዘን የት እንደሚቆም፣ ከአዳማ የሚመጣው መኪና በአዲስ አበባ ጭንቅንቅ ውስጥ ሳይገባ በቀጥታ የሚደርስበት በር ይኖር እንደሆነ የሚጠየቅበት ጊዜ ግንባታው ሳያልቅ ነው። የአሰላና የአካባቢዋ ነጋዴዎች ይህን ጥያቄ ዛሬ በምክር ቤታቸው በኩል ካላቀረቡ፣ የቦሌን ሰልፍ ትተው በቢሾፍቱ አስፋልት ላይ ሌላ ሰልፍ ይዘው ይቆማሉ።