ቀጨኔ ላይ «ቡዳ»፣ አዳራሽ ውስጥ «ናኖቴክኖሎጂ»

«ናኖቴክኖሎጂ» ሲባል ብዙ ሰው ከውጭ በኮንቴይነር የሚገባ ነገር ይመስለዋል። ጉለሌ፣ ቀጨኔ ያሉ ሴቶች ግን በየቀኑ በእጃቸው ያሹታል።

የሸክላ አፈር ዋናው ማዕድን እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ነው። የአንዱ ገጽ ውፍረት አንድ ናኖሜትር ገደማ ሲሆን የሰው ፀጉር በአሥር ሺዎች እጥፍ ይበልጠዋል። ውሃ በመካከላቸው ሲገባ ገጾቹ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። ጭቃው እጅ ሲጫነው የሚታዘዘው፣ ሲለቁት ቅርፁን ይዞ የሚቆመው ለዚህ ነው። ውሃው ሲወጣ ገጾቹ ይቀራረባሉ፤ ዕቃው ይኮማተራል። አንዱ ጎን ቀድሞ ከደረቀ ይሰነጠቃል።

ሸክላ ሠሪ ዕቃዋን ጥላ ውስጥ ቀስ አድርጋ የምታደርቀው በዘፈቀደ አይደለም። ጭቃው ላይ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል የሚጨመረውም እነዚህ ስለማይኮማተሩ ስንጥቁን ስለሚገቱ ነው። ክረምት አብጦ በጋ እየተሰነጠቀ የአዲስ አበባን ግድግዳና አስፋልት የሚያፈርሰው ዋልካም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው። ስለ ዋልካው የሚያጠናው «መሐንዲስ» ይባላል። ሸክላ ሠሪዋስ?

«ቡዳ» ተባለች። ሰው በጀበናዋ ቡና እየጠጣ፣ በምጣዷ እንጀራ እየጋገረ ዓይኗን ፈራ፤ ልጇን ለጋብቻ ናቀ። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ እንጂ አልጠፋም።

«ልማድ እንጂ ሳይንስ አይደለም፤ አልለካችም፣ አልጻፈችም» የሚሉ አሉ። ናኖሜትር የሚለውን ቃል አትሰማው ይሆናል። ነገር ግን አፈር መርጣ፣ ውሃ መጥና ሠርታ ለእሳት ትሰጣለች፤ ከተሳሳተች ዕቃው ይፈነዳል፣ የቀናት ድካሟም አመድ ይሆናል። ከዚህ የከበደ ፈተና የትኛው ላቦራቶሪ ይሰጣል? መለኪያውና ብዕሩ ያለው ዩኒቨርሲቲ ዘንድ ነው። ስድስት ኪሎ ደግሞ ከቀጨኔ በእግር ይደረሳል።

ስለዚህ ሸክላ ሠሪዎችን በባህል ቀን ብቻ ለፎቶ መጥራት ይብቃ። ከማዕድንና ከምህንድስና ተመራማሪዎች ጎን በአስተማሪነት፣ በክፍያ ይቀመጡ። ከተማዋ ስትታቀድም አፈር የሚቆፍሩበት ቦታ በካርታው ላይ ይኑር። አፈሩ በሕንፃ ከተሸፈነ በኋላ «ሙያው ጠፋ» ብሎ ማልቀስ ዋጋ የለውም።