ስልክ የያዘ ሥራ አስኪያጅ ሒሳብም ይያዝ

እንደሚታወቀው፣ በገጠር የሚገኙ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያከፋፍላሉ፤ የአባሎቻቸውንም እህል ገዝተው ይሸጣሉ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በስልክ ገንዘብ መቀበልና መክፈል እየተለመደ መጥቷል። በመሆኑም ለማኅበራት ሥራ አስኪያጆች የስልክና የኮምፒዩተር ሥልጠና ማስፈለጉ አያጠራጥርም። ሆኖም አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዳሉት፣ ሒሳቡ ከመሣሪያው መቅደም አለበት እንላለን።

ምክንያታችንን በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ማኅበር 100 ኩንታል በቆሎ፣ ኩንታሉን በ3,000 ብር ገዛ እንበል። ለከረጢት፣ ለጫኝና አውራጅ እንዲሁም ለማጓጓዣ በኩንታል 150 ብር ቢያወጣ ጠቅላላ ወጪው 315,000 ብር ይሆናል። እህሉ በመጋዘን ሳለ በነቀዝና በመድረቅ 4 ኩንታል ቢጎድል የሚሸጠው 96 ኩንታል ብቻ ነው። ይህም በ3,300 ብር ሲሸጥ 316,800 ብር ያስገኛል። በኩንታል 300 ብር ያተረፈ የመሰለው ሥራ አስኪያጅ በጠቅላላው የቀረው 1,800 ብር ነው። የብድር ወለድ ሲከፈልማ ኪሣራ ላይ ይወድቃል። የተሳሳተ ሒሳብ በስልክ ቢሠራም ያው ስሕተት ነው።

ስለዚህ ሥልጠናው የሚከተሉትን ቢያሟላ እንመርጣለን፦

1ኛ/ ሥራ አስኪያጁ ከመግዛቱ በፊት ወጪን፣ ብክነትንና ወለድን ደምሮ ዝቅተኛውን የመሸጫ ዋጋ ማውጣት ይማር። በምሳሌያችን ይህ ዋጋ ወለድ ሳይጨመር 3,281 ብር ከ25 ሣንቲም ነው።

2ኛ/ የስልክ ሒሳቡ በማኅበሩ ስም ይከፈት። የምሥጢር ቁጥሩ ይጠበቅ፤ የዕለቱ ገቢና ወጪም ከባሕር መዝገቡ ጋር በየቀኑ ይመሳከር።

3ኛ/ ትምህርቱ ከአጨዳ በፊት፣ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ በራሱ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ይሰጥ። ሒሳብ ሹሙና የቁጥጥር ኮሚቴው አብረው ይማሩ፤ አለዚያ ሥራ አስኪያጁ ሲለቅ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

ስልክ የሚያውቅ ወጣት መቅጠር ይበቃል የሚሉ አሉ። ወጣቱ መሣሪያውን ማወቁ ትልቅ እገዛ ነው፤ ነገር ግን መቼ መግዛት፣ መቼ መሸጥ፣ መቼስ መተው እንደሚገባ ስልኩ አይነግረውም።

ማኅበሩ የከሰረበት ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት እህሉን በአጨዳ ሰሞን፣ ዋጋው በወረደበት ጊዜ፣ ለነጋዴ ያስረክባል። የጠፋውን እምነት መመለስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። እንግዲህ አባላት በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ «ስልክ ተገዛ ወይ?» ከማለታቸው በፊት «የባለፈው እህል ስንት ወጣበት፣ ስንትስ ጎደለ?» ብለው ይጠይቁ።