ሞተሩ ገባ፤ ሥራው ግን ቀረ

የአዲስ አበባ የመኪና ደላላ ከሚናገራቸው ቃላት ሁሉ «ሞተሩ እኮ ተቀይሯል!» የሚለውን ያህል የሚያስፈራኝ የለም። እሱ የሚናገረው የምሥራች እንደሚያበስር ሰው ፈገግ ብሎ ነው። ገዢውም ፊቱ ይበራል፤ የተቀየረ ሞተር ማለት አዲስ ልብ ማለት ይመስለዋላ! ማን ቀየረው? ምን አብሮ ተቀየረ? ምን ተዘለለ? ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኮፋኖ ይከፈታል፣ ቁልፍ ይዞራል፣ ይነሳል። ቀብድ ይቆጠራል። አለቀ።

እኔ ዛሬ የምሟገተው ለአንድ ነገር ነው። የሞተር ቅየራ ተበላሸ ሲባል ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው ሞተሩ ዙሪያ ሳይሠራ በቀረው ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ የሚቃናው የተዘለለውን ሥራ በመሥራት እንጂ ሌላ ሞተር በመግዛት አይደለም። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ግን ስንቱ ቤተሰብ ነው ሁለተኛና ሦስተኛ ሞተር እየገዛ ያንኑ በሽታ የሚያስታምመው?

ቅየራውን ራሱን እንደማልቃወም ይታወቅልኝ። መኪናው ከሾፌሩ በዕድሜ በሚበልጥበት አገር ሞተር መቀየር ቅንጦት አይባልም። በዚያ ላይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በእጅጉ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። የኤሌክትሪኩን መግዛት የቻለ እሰየው! ያልቻለው ግን ያችኑ አሮጌ ኮሮላ እየጠገነ ይኖራል። እንግዲህ መንገድ ላይ ያሉት ቤንዚን ጠጪዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን አሉ። ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው፣ እናት ሐኪም ቤት የምትደርሰው በነሱ ነው። ጥገናቸው የሁላችንም ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አንዲት ኮሮላ

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። የአጎቴ መኪና እ.ኤ.አ. በ1987 ለገበያ የወጣው የኮሮላ ትውልድ ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት ባለ 1.3 ሊትር፣ ባለ ካርቡራተር ሞተር ነው፤ መካኒኮች «2ኢ» የሚሉት። ከአጎቴ በፊት የነበረው ባለቤት ይህን አውጥቶ ባለ 1.6 ሊትር፣ ባለ ኢንጀክሽኑን «4ኤ» አስገባባት። ሐሳቡ በራሱ መጥፎ አልነበረም። ፋብሪካው ራሱ ሁለቱንም ሞተሮች በዚሁ የኮሮላ ትውልድ ላይ እየገጠመ ሸጧል። ስለዚህ ለትልቁ ሞተር የሚስማማው የሞተር መቀመጫ፣ ራዲያተር፣ ካምቢዮና ሽቦ ከእህቶቿ ላይ ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል።

የቀየረው ሰው ግን ይህን ሁሉ አልፈለገም። ሞተሩን አስገባ፣ አስነሳ፣ አስረከበ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ጥርስ ታንቀጫቅጫለች፣ ዳገት ላይ ሙቀቷ ይወጣል፣ ቤንዚን ትጠጣለች፣ ውስጧም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

አጎቴ መጀመሪያ የሄደበት ጋራዥ (ስሙ ይቅር) የሲሊንደር ግፊት መለኪያ አስገባና ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ይሄ ሞተር አልቆለታል። ሶማሌ ተራ አንድ ንጹሕ አለ፤ ልደውል?»

አብሬ ነበርኩና «ግፊቱ ስንት መሆን ነበረበት? ስንት ሆነ?» ብዬ ጠየቅኩ። መልሱ የተሰጠው ለአጎቴ ነው። «ጋሼ፣ መጽሐፉ ላይ ካለው ሩብ ያህል ጎድሏል። እህታችን አታስብ፣ ለኛ ተዉት።» (ጋራዥ ውስጥ ሴት ጥያቄ ስትጠይቅ መልሱ አብሯት ለቆመው ወንድ የሚሰጥበት ምሥጢር ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ስልኩ ሳይደወል ሌላ ሰው አማከርን። በሥራው ያረጁ መካኒክ ናቸው። የመጀመሪያውን ምርመራ ስንነግራቸው ሳቁ። «ልጄ፣ መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው! አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን የሳሳ ነው። የሳሳ አየር የሳበ ሲሊንደር መለኪያው ላይ የሚያሳየው ግፊትም በዚያው ልክ ያንሳል። እዚህ ከተማ መታየት ያለበት አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። የአጎቴ አራቱም እኩል ወጡ። ሞት የተፈረደበት ሞተር ጤነኛ ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሽማግሌው የሠሩበት ቅደም ተከተል ነው። የጀመሩት ደንበኛው ከሚያማርርበት ሳይሆን ቶሎ ከሚገድለው ነው።

ቀድሞ የሚገድለው

ካርቡራተር የሚፈልገው የቤንዚን ግፊት ከግማሽ ባር በታች ነው። ኢንጀክሽን ግን ከ2.5 እስከ 3 ባር ይፈልጋል። ቅየራውን የሠራው ሰው ፓምፑን ቀይሮ የድሮውን የካርቡራተር ጎማ እንዳለ ትቶታል። ጎማው አብጦ፣ ላብ እንዳላበው ሰው ረጥቦ፣ ከሚግለው የጭስ ማውጫ አጠገብ ተንጠልጥሏል። ውስጥ ድረስ የሚሸተው እሱ ነበር። አጎቴ ልጆቹን በዚያች መኪና ስንት ወር እንዳመላለሰ ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

የተሠራው ሥራ አስማት የለበትም። ለኢንጀክሽን ግፊት የተሠራ ጎማ ተገዛ፣ በትክክለኛ ማሰሪያ ታሰረ፣ ከሚግለው ብረት ራቀ፣ ትርፉ ቤንዚን ወደ ታንክ የሚመለስበት መስመርም ተስተካከለ። ከዚያ ፍሬኑ ታየ፤ የፊት ሸራዎቹም ተቀየሩ። ጉልበት የጨመረ ሰው ማቆሚያውንም መጨመር አለበትና።

ሙቀት

ይህችን ደግሞ ልብ በሉልኝ። ውሃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተር ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ከ80 ዲግሪ በላይ ሞቆ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። ክፍተቱን የሚያሰፋው የራዲያተር ክዳን ነው፤ ግፊቱን አምቆ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽም ያግዛል። የአጎቴ መኪና ላይ የነበረው ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን፣ ለ1.3 ሊትሩ ሞተር የተሠራ ትንሽ ራዲያተርና ተራ የቧንቧ ውሃ ነው። ዳገት ላይ ባትፈላ ነበር የሚገርመው።

ቴርሞስታቱስ? የለም! ሙቀት ባስቸገረ ቁጥር ቴርሞስታት አውልቆ መጣል በከተማችን ጋራዦች እንደ ሃይማኖት ሆኗል። ለድሮው ካርቡራተር ጉዳቱ ብዙም አይታይ ይሆናል። ባለ ኢንጀክሽን ሞተር ግን ኮምፒውተር አለው። ሜዳ ላይ፣ በተለይ በጠዋቱ ብርድ፣ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ሲቀር ኮምፒውተሩ «ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ስለዚህ ያቺ መኪና ዳገት ላይ ትፈላለች፣ ሜዳ ላይ ደግሞ በርዷት ቤንዚን ትጠጣለች። ሁለቱም በሽታ ከአንድ ቤት!

ሽቦና መቀመጫ

ኮፋኖው ሥር ያለው ሽቦ በናስትሮ ተጠቅልሎ የተወሳሰበ ክር ይመስላል። አንደኛው ፊውዝ ቦታ ላይ የመዳብ ሽቦ ገብቶበታል። ፊውዝ የተፈጠረው ችግር ሲመጣ መጀመሪያ ራሱ እንዲቃጠል ነው። እሱን በሽቦ መተካት ማለት መኪናው ይቅደም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የሞተር ማስጠንቀቂያ አምፖል ወልቃ መጣሏ ነው። ለምን? ስለምትበራ! የዚያን ዘመን ቶዮታ አንደበቱ ያቺ አምፖል ናት። ኮፋኖ ሥር ባለችው የምርመራ ሳጥን ውስጥ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉትን ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ ቁልፍ ሲከፈት፣ ብልጭ ድርግም እያለች የበሽታውን ቁጥር ትናገራለች። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አምፖሏ ወደ ቦታዋ ስትመለስ 21 ብላ ቆጠረች፤ የኦክስጅን ሴንሰር ማለት ነው። ተፈልጎ ሲታይ የሴንሰሩ ሽቦ ጭራሽ አልተገናኘም። ሌላው የቤንዚን ምሥጢር እዚህ ነበር።

መንቀጥቀጡስ? ሞተሩ የተቀመጠው በብየዳ በተቀጣጠለ ብረትና ከጭነት መኪና ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ላይ ነው። ከቦታው ጥቂት ስላዘነበለ ጎማ የሚያዞሩት ዘንጎች ተጣመው ይሠራሉ፣ ካምቢዮው ዘይት ያንጠባጥባል። ከእህት መኪና የወጣ ትክክለኛ መቀመጫ ተገዝቶ ሲገባ ሁሉም በአንድ ቀን ጸጥ አለ።

በመጨረሻ ሊብሬው። ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር አለ። ሞተሩ ተቀይሮ ቁጥሩ ሳይቀየር የቀረ መኪና ዓመታዊ ምርመራ ላይ፣ ሽያጭ ላይ፣ አደጋ ሲደርስም ኢንሹራንስ ፊት ጣጣ አለው። ደግሞ ያለ ሰነድ የተገዛ ሞተር የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። የሞተሩን ደረሰኝ አፈላልጎ ለመንገድ ትራንስፖርት አሳውቆ ማስተካከሉ አጎቴን ከሽቦውም ከብየዳውም በላይ አመላልሶታል።

የሁሉም ሥራ ዋጋ ሲደመር ለሦስተኛው ሞተር ከተጠየቀው ግማሹን አልሞላም። ሦስተኛው ሞተር ቢገባ ኖሮስ? በዚያው ጎማ፣ በዚያው ራዲያተር፣ በዚያው ሽቦ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው?

መካኒኩ ላይ ብቻ መፍረድ ቀላል ነው። ግን እኛስ? የሞተሩን ዋጋ ያለ ብዙ ክርክር እንከፍልና የእጅ ዋጋ ላይ ስንደርስ እንደ ሽንኩርት እንከራከራለን። «በዛሬ ቀን ጨርስልኝ» እንላለን። በሦስት ቀን የሚያልቅ ሥራ በአንድ ቀን ሲጠየቅ የሚዘለለው ዓይን የማያየው ነው። ጎማው፣ ፊውዙ፣ ክዳኑ። ሞተሩማ ይታያል፤ ይነሳል።

ሌላም ነገር አለ። የጋራዣችንን ቋንቋ አስቡት፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርማታ፣ ኮፋኖ። ከጣሊያን የመጡ ቃላት ናቸው፤ ከዋና ሠራተኛ ወደ ረዳት፣ ከአፍ ወደ ጆሮ እየተላለፉ እዚህ ደረሱ። ሙያውም እንዲሁ ነው የተላለፈው። በዚህ መንገድ ድንቅ ባለሙያዎች ወጥተዋል፤ እኚያ ሽማግሌ ምስክር ናቸው። ችግሩ በአፍ የሚተላለፍ ሥራ መዝገብ የሌለው መሆኑ ነው። ይህን ሞተር ማን፣ መቼ፣ ከምን አውጥቶ፣ ምን አብሮ ቀይሮ እንዳስገባው የሚናገር ወረቀት የለም። ቀጣዩ መካኒክ በጨለማ ይዳብሳል፣ በግምት ይፈርዳል፣ ባለቤቱ ይከፍላል።

ስለዚህ የምለምነው አዲስ ሕግ አይደለም። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ጋራዡ የገባውን ሞተር ቁጥር፣ አብሮ የተቀየረውን ዕቃና ያልተቀየረውንም ይጻፍና ይፈርም። «ራዲያተሩ የድሮው ነው፤ ደንበኛው አልከፍልም ብሏል» ብሎም ይጻፍ! ያኔ መካኒኩም ከሐሜት ይድናል፣ ደንበኛውም ምን እንዳልከፈለ ያውቃል፣ ነገ የሚገዛውም ምን እንደሚገዛ ያውቃል።

«ለአሮጌ መኪና ይህ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። የሚሳፈርባት ሰው ግን አሮጌም ሆነ አዲስ ያው ሰው ነው። የቤንዚኑን ጎማ ዛሬውኑ አሳዩት።

ቸር እንሰንብት።