ድምፁ ከፊት፣ ፍቺው ከኋላ፦ የኖርዌይ ረጃጅም ቃላትና የስደተኛው ጆሮ

ኖርዌይ ውስጥ በር ላይ ከሚለጠፉ ጽሑፎች አንዱ «ሮይክፍሪት» ይላል። ቃሉ ከሁለት ቃላት የተገጣጠመ ነው። «ሮይክ» ጭስ፣ «ፍሪት» ደግሞ ነጻ ማለት ነው። ተጣብቀው ሲጻፉ «ከጭስ ነጻ» ስለሚሆኑ እዚህ ማጨስ ክልክል ነው ይላሉ። በመካከላቸው ክፍት ቦታ የተወ ሰው ግን «እንደ ልብህ አጭስ» ብሎ ለጥፏል። ፊደል አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም። ክልከላውን ፈቃድ ያደረገው ባዶ ቦታ ነው።

ኖርዌጂያኖች በዚህ ስሕተት ይስቃሉ፣ ይናደዳሉም። «ሳርስክሪቪንግ» የሚል የራሱ ስም አለው። የታወቀው ምሳሌ የሥጋ ቤቱ ነው። «ላመኮተለተር» የበግ ግልገል ኮትሌት ነው። ለያይተው ከጻፉት «ሽባ የሆኑ ኮትሌቶች» ይሆናል።

ለአገሬው ሰው ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የወረቀት ስሕተት ነው። ቃሉን ለያይቶ የሚጽፍ የኦስሎ ልጅ እንኳ ለያይቶ አይጠራውም፤ ጆሮው ከእጁ ቀድሞ ተምሯልና። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር በጉልምስናው የሄደ ሰው ግን ቃሉን መጀመሪያ የሚያገኘው በደብዳቤ ላይ ነው። «ኦፕሆልስቲላተልሰ» የሚል አንድ ረጅም የፊደል ሰንሰለት ከፊቱ ይዘረጋል። የት ቆርጦ፣ የቱን አጥብቆ እንደሚጠራው የሚነግረው ምልክት የለም። ቃሉ ደግሞ እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው።

አስተማሪም ተማሪም የሚስቱት ነገር እዚህ አለ። ችግሩ የቃሉ ርዝመት ይመስላቸዋል። ችግሩ ግን መገጣጠሚያው የት እንደሆነ አለማወቅ ነው። «ኦፕሆልስ» እና «ቲላተልሰ» ተብሎ ከተከፈለ ቃሉ ይፈታል፤ «ቲላተልሰ» ፈቃድ ነው። ይህን ያወቀ ሰው «አርባይስቲላተልሰ» የሥራ ፈቃድ፣ «ቢገቲላተልሰ» የግንባታ ፈቃድ መሆኑን ለመረዳት አዲስ ቃል አያጠናም። ሦስት በሮች በአንድ ቁልፍ ይከፈታሉ።

መካከል ላይ የምትሰማው «ስ» መገጣጠሚያ ሙጫ ናት፤ የፊተኛው ቃል ንብረት ናት። በፊደል ገበታ «ሀ ሁ» ብሎ ማንበብ የለመደ ዓይን ተነባቢን ከሚቀጥለው አናባቢ ጋር ማጣመር ስለሚቀናው ይህችን «ስ» ወደ ኋለኛው ቃል ሊጎትታትና «ስቲ» ብሎ ሊጀምር ይችላል። «ስቲ» በኖርዌይኛ የእግር መንገድ ነው። ሰሚው ስለ ፈቃድ ይሁን ስለ መንገድ ሳይገባው ይቀራል።

ቀለም ቆጥሮ መቁረጥ ብቻውን አያዋጣም። «ናቶግ» የሌሊት ባቡር ነው፤ «ናት» ሌሊት፣ «ቶግ» ባቡር። «ናት» ሲጻፍ በሁለት «ት» ይጨርሳል፣ «ቶግ» በሌላ «ት» ይጀምራል። የአጻጻፍ ሕጉ ሦስት ተመሳሳይ ተነባቢ አብረው እንዲቆሙ ስለማይፈቅድ አንዷ ትወድቃለች። ቃሉ በመስመር መጨረሻ ላይ በጭረት ሲከፈል ግን የወደቀችው ትመለሳለች። ሕጉ ራሱ መገጣጠሚያውን ያውቀዋል፤ ተማሪውም ይወቀው።

ወደ አጠራሩ ስንመጣ፣ በጥምር ቃል ዋናው ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው በፊተኛው ክፍል ላይ ነው። የአገሪቱ ፓርላማ ስም «ስቱርቲንግ» ነው። የፊተኛው ጠብቆ የኋለኛው ቀለል ሲል ምክር ቤቱ ነው። ሁለቱንም እኩል አክብዶ «ስቱር፣ ቲንግ» ያለ ሰው ግን «ትልቅ ነገር» ብሏል። አማርኛ ቃል ውስጥ ክብደቱ ከቀለም ቀለም ብዙም ስለማይበላለጥ፣ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉንም እኩል ቢረግጥ አይደንቅም። ኖርዌጂያኑ አድማጭ ግን አንድ ቃል ሲጠብቅ ሁለት ይሰማና ግንባሩን ይቋጥራል።

ፍቺው ደግሞ ከኋላ ነው። «ሲከሁስ» ሆስፒታል ነው፤ «ሲከየም» የአረጋውያንና የሕሙማን መኖሪያ። ሁለቱም «ሲከ» ብለው ይጀምራሉ፣ ሁለቱም እዚያው ላይ ይጠብቃሉ። ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ የሚናገረው መጨረሻው ነው። ድምፁ ከፊት፣ ፍቺው ከኋላ፤ የኖርዌይኛ ጥምር ቃል ዋና ምስጢር ይኸው ነው።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። «ምግብ ቤት»፣ «ቡና ቤት»፣ «ትምህርት ቤት» ስንል ዋናው ቃል ከኋላ ነው። ከግዕዝ በወረስነው «ቤተ መንግሥት» ደግሞ «ቤት» ወደ «ቤተ» ተለውጦ ቀጣዩን ይይዛል። ኖርዌይኛም «ባርን» የሚለውን ልጅ «ባርነ» አድርጎ «ባርነሃገ» ይላል፤ መዋዕለ ሕፃናት ማለት ነው። ልዩነቱ እኛ ለያይተን መጻፋችን፣ እነሱ አጣብቀው መጻፋቸው ነው። መጥበቅና መላላትም ቢሆን «አለ» እና «አለ»ን፣ «ገና» እና «ገና»ን ያለ ምንም ምልክት ለሚለይ ጆሮ አዲስ አይደለም። ጣሪያና ምስጋና በኖርዌይኛ ሁለቱም «ታክ» ናቸው፤ በምስጋናው «ክ» ይጠብቃል፣ በጣሪያው አናባቢው ይረዝማል። ስደተኛው ባዶ እጁን አልሄደም፤ ይዞት የሄደውን ያሳየው ሰው ነው ያጣው።

ይህ ሁሉ የቋንቋ ወዳጆች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው የኖርዌይ የውህደት ሕግ የተማሪውን ግዴታ በሰዓት ብዛት ከመለካት ወደ ቋንቋ ደረጃ አዛውሮታል። በ2022 መጸው ደግሞ ለዜግነት የሚፈለገው የንግግር ደረጃ ከኤ2 ወደ ቢ1 ከፍ ብሏል። መመዘኛው ንግግር ከሆነ ንግግሩ ከመጀመሪያው ቀን መሰጠት አለበት። ቃላትን በወረቀት ዘርዝሮ «አጥኑ» የሚል ትምህርት አፍ ለሚጠይቅ ፈተና ዓይንን ያዘጋጃል።

«አጠራር በጊዜ ይመጣል፣ መጀመሪያ ሰዋስው» የሚሉ አሉ። ለጥቂቶች ይመጣል። ክብደቱ የት እንደሚያርፍ ያላወቀ ሰው ግን መናገር ብቻ አይደለም የሚቸግረው፤ ሌላው ሲናገርም ቃሉ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይሰማውም። በማይሰማው ነገር ላይ ሰዋስው አይቆምም። መፍትሔው ውድ አይደለም። አስተማሪው ቃሉን ከመጻፉ በፊት ይጥራው፣ ከዚያ ሰሌዳው ላይ በመገጣጠሚያው መሐል አንድ መስመር ያስምር፣ የሚጠብቀውን ክፍል በጭብጨባ ያሳይ።

ዕዳው ግን የስደተኛው ብቻ አይደለም። ኖርዌይ ለንግግር በሕግ የጸደቀ አንድ ወጥ ደረጃ የላትም፤ በዚህም ትኮራለች። የበርገኑና የትሮምሶው ሰው የየራሱን ዘዬ ይዞ በፓርላማ ይናገራል፣ በቴሌቪዥን ዜና ይሠራል። ቅላጼው ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ይለያያል፤ አድማጩም ጆሮውን አስተካክሎ ይሰማል። ለራሷ ልጆች ይህን ያህል ሰፊ ጆሮ ያላት አገር፣ «ሲከየም» ውስጥ አረጋውያኗን የምታጥብ ኢትዮጵያዊት አንድ ቀለም ስታዛንፍ ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ መዞሯ አያምርባትም። የዞረ አድማጭ ትሕትና ያሳየ ይመስለዋል፤ የተማሪዋን የልምምድ ዕድል ግን ነጥቋል።

አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። ኖርዌይ ከአነጋገር ልትፈርድ በሕግ ወስናለች፤ መብቷ ነው። እንግዲህ ፈራጅ ከሆነች አነጋገሩን ቀድማ ታስተምር፣ ሲነገራትም ጨርሳ ትስማ።