ለአሮጌው ማድ ቤት መመሪያ ይውጣለት

ለጋዜጣው ክቡር አዘጋጅ፤

ከዚህ ቀጥሎ የማቀርበውን አስተያየት በአንባብያን ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ ለጊዜው የአንድ ሰው ችግር ይመስላል። ነገር ግን በአሮጌ ሰፈር የሚኖር ሁሉ ዛሬ ባይደርስበት ነገ የሚደርስበት ነው ብዬ ስላመንሁ እንጂ፣ ለአንድ ማድ ቤት ስል ብቻ የጋዜጣውን ቦታ ባላጣበብሁ ነበር።

የምኖረው በአዲስ አበባ፣ በአራዳ አካባቢ ከሚገኙት አሮጌ ሰፈሮች በአንደኛው ነው። ቤቱን ከአባቴ ወረስሁት፤ በረንዳው እንጨት፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ሰፈሩ በቅርስነት ስለሚጠበቅ ያለ ፈቃድ መስኮት እንኳ መለወጥ አይቻልም። ይህን ደንብ ከሚደግፉት አንዱ እኔ ነኝ። ከቤቱ ጀርባ ዱሮ ማድ ቤትና ዕቃ ቤት ነበረ፤ እኔ ልጅ ሳለሁ በአንድ ክፉ ክረምት ተደርምሶ፣ ዛሬ የቀረው የድንጋይ መሠረቱ ብቻ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የአክስቴ ግቢ ለመንገድ ሥራ ተፈለገ። አክስቴም ምትክ ቦታቸውን ተቀብለው ያለ ክርክር ለቀቁ። ዋናው ቤታቸው በየጊዜው ስለ ታደሰ ከአሮጌው ነገር ብዙም አልቀረበትም ነበር። ከጓሮው የቆመው ማድ ቤት ግን እንደ ጥንቱ ነበር። ቁመቱ አምስት ሜትር፣ ወርዱ አራት ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቋሚውና ወራጁ ሁሉ የጥድ እንጨት ነው። ጥድ ደግሞ ምስጥ የማይደፍረው እንጨት መሆኑን ሽማግሌዎች ሁሉ ያውቁታል። የጭስ መውጫው፣ የምጣዱ መደብ፣ የጠላው ጋን የሚቀመጥበት ጉድጓድ፣ የሠራተኞቹ መኝታ ቆጥ ሳይቀር በየቦታው ነበረ።

እኔም «ይህ ቤት ከሚማገድ፣ ማድ ቤቱን ካጣው ከእኔ ግቢ ቢገባስ?» ብዬ አሰብሁ። አክስቴም በደስታ ፈቀዱልኝ። በሰፈራችን የታወቁ አንድ ሽማግሌ አናጢ መጥተው፣ እያንዳንዱን እንጨት በመሮ ምልክት እየቀረጹ፣ ቤቱን በሦስት ቀን ፈቱት። «ቀለም ዝናብ ያጥበዋል፤ መሮ ግን አይጠፋም» ብለው ነው እንዲህ ያደረጉት። ወደ ግቢዬ ሳላስገባው አስቀድሜ ፈቃድ ልጠይቅ ብዬ፣ እንጨቱን ከአንድ ጎረቤቴ ግቢ በላስቲክ ሸፍኜ አስቀመጥሁት። እነሆ ሁለት ክረምት አለፈበት።

ፈቃድ ለመጠየቅ የሄድሁበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም፤ ዓላማዬ ሰው መክሰስ አይደለምና። በመጀመሪያው ጠረጴዛ የተቀመጡት ሰው «ይህ አዲስ ግንባታ ስለ ሆነ፣ ፕላን አሠርተው በብሎኬት ይሥሩ» አሉኝ። በሁለተኛው ጠረጴዛ ያሉት «በቅርስ ግቢ ውስጥ ምንም ነገር መጨመር ክልክል ነው» አሉኝ። በሦስተኛው ጠረጴዛ የነበረው ወጣት ግን ነገሩን በጥሞና ሰምቶ፣ ፎርሞቹን አንድ በአንድ ካገላበጠ በኋላ፣ «ጋሼ፣ አዲስ ሥራ የሚል አለ፤ እድሳት የሚል አለ፤ ማፍረስ የሚልም አለ። አሮጌ ቤት አምጥቶ መትከል የሚል ግን የለም። የት ላይ ልጻፍልዎ?» አለኝ። ከሦስቱ መልሶች እውነተኛው ይህ ስለ ሆነ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ወጣቱን አመሰግነዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። በእኔም ጠረጴዛ ፊት ስንቱ ባለጉዳይ ቆሞ፣ ጉዳዩ ከፎርሙ ጋር ስላልገጠመልኝ ብቻ «መመሪያ የለም» ብዬ መልሼዋለሁ። መመሪያ የሌለው ነገር ሲመጣ እምቢ ማለት ለሠራተኛው ከሁሉ የቀለለ ነው። እሺ ብሎ ቢሳሳት ይጠየቃል፤ እምቢ ብሎ ቢሳሳት ግን የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ጥፋቱ የሠራተኛው ብቻ አይደለም፤ ነገሩን አስቀድሞ ያላሰበበት ሥርዓትም ጥፋት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልመለስ። ይህን ሐሳቤን ለአንድ የምናከብራቸው የሥራ ባልደረባዬ ባወያያቸው አጥብቀው ተቃወሙኝ። «ቤት ከተተከለበት ቦታ ከተነሣ ቅርስነቱ ያበቃለታል። ከሌላ ሰፈር ያመጣኸውን ማድ ቤት ከግቢህ ብታቆመው፣ ነገ የሚያየው ሰው ከመጀመሪያውም እዚያው የነበረ ይመስለዋል፤ ይህም ታሪክን ማሳሳት ነው» አሉ። ነገራቸው ቀላል አይደለም። በ1956 ዓ.ም. የወጣው የቬኒስ ቻርተር ሐውልትና ቤት ከታሪኩና ከአካባቢው የማይለይ መሆኑን ገልጾ፣ እርሱን ከጥፋት ለማዳን ካልሆነ ወይም እጅግ ከባድ የሆነ የሀገር ወይም የዓለም ጥቅም ካላስገደደ በቀር ከቦታው እንዳይነሣ ይመክራል። የእኛም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቢሆን የማይንቀሳቀስ ቅርስን ማንም ሰው እንደ ፈቀደው ከቦታው እንዲያነሣው አይተወውም።

ይሁን እንጂ ቻርተሩ «በፍጹም አይነሣ» አለማለቱን ልብ እንበል። ቤቱን ለማዳን ሌላ መንገድ ከጠፋ ማንሣት እንደሚቻል በሩን ክፍት ትቶታል። ቻርተሩ በወጣበት በዚያው ዘመን በግብፅ ሀገር የአስዋን ግድብ ውሃ ሊያሰጥመው የነበረው የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደስ፣ ከ1964 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ከ1000 በላይ በሆኑ ቁራጮች ተቆርጦ፣ ከቀድሞ ቦታው 65 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተተክሏል። በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልምም ስካንሰን የሚባል ሜዳማ ሙዚየም በ1891 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ፣ ከየአውራጃው የተነሡ የገበሬ ቤቶችና ጎተራዎች እስከ ዛሬ ይጎበኙበታል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የራሳችን የአክሱም ሐውልት ምስክር ይሁነኝ። በ1929 ዓ.ም. ወራሪው ጠላት ወስዶት በሮማ አደባባይ ተተክሎ የኖረው ይህ 24 ሜትር የሚረዝም ሐውልት፣ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ከነባር ቦታው ተተከለ። «ከቦታው ስለ ተነሣ፣ ስለ ተቆረጠም ሐውልትነቱ አልቋል» ያለ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። እርግጥ ነው፣ ሐውልቱ የተመለሰው ወደ ገዛ ቦታው ነው፤ የአክስቴ ማድ ቤት ግን ገዛ ቦታው መንገድ ሆኗል። የባልደረባዬ ክርክር የሚጸናው ቤቱ የሚመለስበት ወይም የሚቆይበት ቦታ ሲኖረው ነው። ምርጫው በቦታው በመኖርና በሌላ ቦታ በመኖር መካከል ሳይሆን፣ በሌላ ቦታ በመኖርና በመማገድ መካከል ሲሆን ግን፣ ማገዶ የሆነ ቤት ታሪክ አይነግርም።

«ጭቃውስ? ጭቃው አይጓዝም፤ ግድግዳው አዲስ ይሆናል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ጭቃው አይጓዝም። ነገር ግን የጭቃ ቤት ግድግዳ ዱሮም ቢሆን በየጊዜው ነው የሚመረገው። እናቶቻችን ዓመት በዓል ወይም ሠርግ በመጣ ቁጥር ጭድ አስቦክተው ሲያስመርጉ ቤቱ አዲስ ሆነ ያላቸው አልነበረም። የቤቱ አጥንት እንጨቱ፣ አገጣጠሙና አሠራሩ ነው፤ ምርጊቱ ልብሱ ነው።

ደግሞም ስለ ማድ ቤት ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ልናገር። ስለ አሮጌ ቤት ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው ሰገነቱንና ሳሎኑን፣ ባለማዕርጉ ሰውዬ እንግዳ የተቀበለበትን አዳራሽ ነው። ቅርስ ተብሎ የሚመዘገበውም ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። ከጀርባው ያለው ማድ ቤት፣ የዘበኛው ጎጆ፣ የበቅሎው ጋጣ ግን እንደ ትርፍ ነገር ይቆጠርና ማንም ሳያዝንለት ይፈርሳል። ዳሩ ግን ያ ሁሉ ግብዣ የተሰናዳው በጓሮ ነበር። እንጀራው የተጋገረው፣ ጠላው የተጠመቀው፣ በጭስ ዓይናቸው የጠፋ ሴቶች ዕድሜያቸውን የፈጁት እዚያ ነው። ሳሎኑን ጠብቀን ማድ ቤቱን ብናጠፋ፣ የጌታውን ታሪክ ጽፈን የሠራተኛውን ታሪክ መቅደድ ይሆንብናል። አክስቴ ያን ማድ ቤት ሲሰናበቱ ያለቀሱት ለእንጨቱ አልነበረም፤ እናታቸው ምጣድ ዳር ቁጭ ብለው የሚታዩዋቸው እዚያ ስለ ነበር ነው።

ይሁን እንጂ መፍቀድ ያለ ልክ እንዲሆን አልፈልግም። ባለገንዘብ ሁሉ ከየሰፈሩ አሮጌ በርና ምሰሶ እየለቀመ ግቢውን የቲያትር መድረክ እንዲያስመስለው አልመኝም። ከዚህም የከፋ አደጋ አለ። «ቤቱን አንሥተን ሌላ ቦታ እንተክለዋለን» የሚለው ቃል፣ ሊጠበቅ የሚችለውን ቤት ከቦታው ለማስነሣት ሰበብ ሊሆን ይችላል። ልማትን የሚጠላ የለም፤ ነገር ግን ማንሣት የመጨረሻው መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ የመጀመሪያው ከሆነ፣ መድኃኒቱ ራሱ በሽታ ይሆናል። የእሳትንም ነገር መዘንጋት አይገባም፤ በጥር ወር 2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል የደረሰው ቃጠሎ የእንጨት ቤት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ ለሁላችን አሳይቶናል።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች መክረውበት አጭር መመሪያ ቢያወጡ መልካም ነው እያልሁ፣ የሚከተሉትን ሐሳቦች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ አሮጌ ቤት ከቦታው የሚነሣው በቦታው ለማቆየት የማይቻል መሆኑ በባለሙያ ሲረጋገጥ ብቻ ይሁን።

ሁለተኛ፤ ከመፈታቱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣ፣ ልኩ ይወሰድ፣ እንጨቱ ሁሉ ቁጥር ይሰጠው፤ የዚህም ግልባጭ በመዝገብ ቤት ይቀመጥ።

ሦስተኛ፤ የሚገባበት ግቢ ቀድሞ እንዲህ ያለ ቤት የነበረበት ቢሆን ይመረጥ፤ ዋናውን ቤት እንዳይጋርድና እሳት እንዳያቀብል በበቂ ርቀት ከጓሮ ይተከል።

አራተኛ፤ ባልደረባዬ የፈሩት የታሪክ ስሕተት እንዳይደርስ፣ ቤቱ ከየት እንደ መጣና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተተከለ የሚናገር ጽሑፍ በበሩ ላይ ይለጠፍ። እውነቱ የተጻፈበት ነገር ማንንም አያሳስትም።

አምስተኛ፤ ለጥያቄው በተወሰነ ቀን ውስጥ እሺ ወይም እምቢ የሚል መልስ በጽሑፍ ይሰጥ። እምቢታም ቢሆን መልስ ነው፤ የሚጎዳው «ነገ ይመለሱ» ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በፎርሙ ላይ አንድ መሥመር መጨመርና የሚፈርም አንድ ኃላፊ መወሰን ይበቃል።

ባለፈው ሰሞን እንጨቱን ለማየት ከሽማግሌው አናጢ ጋር ሄጄ ነበር። ላስቲኩን ገልጠው ወራጁን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ «እንጨቱስ ደኅና ነው፤ ሌላም ክረምት ይችላል። እኔ ግን እንጃ» አሉኝ። በመሮ የቀረጹትን ምልክት የሚያነቡት እርሳቸው ብቻ ናቸው። መመሪያው ከእርሳቸው በኋላ ቢወጣ፣ እኔ ዘንድ የሚቀረው ቤት ሳይሆን የእንጨት ክምር ነው። በየሰፈሩም እንዲህ ያለ አናጢና እንዲህ ያለ ክምር ብዙ እንደሚኖር አልጠራጠርም።

አስተያየቴን በዚሁ እፈጽማለሁ። በዚህ ነገር የተለየ ሐሳብ ያላቸው አንባብያን ቢኖሩ ተቃውሞአቸውንም ቢሆን በዚሁ ዓምድ ላይ ባነበው ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ